ሱዶኩ ውስጥ ዓባይን መልቀቅ

ከሰዓት በኋላ ከጣና ንፋስ ይነሳል። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ወረቀት ላይ ለሚጭር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወረቀታችሁን የሚጫን ነገር ያዙ። እኔ ስልኬን ነው የማስቀምጥበት። ወረቀቱም አይበርም፣ ስልኩም አይነካካም።

ሌላው ዕቃ ብዙ አይደለም። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ደህና ላጲስ። እስክሪብቶ አትሞክሩ። በእስክሪብቶ የጀመርኳቸው ሁሉ መጨረሻቸው ሥርዝ ድልዝ ነው።

ይህን የምጽፈው ሱዶኩ መፍታት ለሰለቸው ሰው ነው። እኔም ሰልችቶኝ ነበር። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውም፣ ስልክ ላይ የሚጫነውም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። መድኃኒቱ ሕግ ጨምሮ የራስን መሥራት ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ተራው ሱዶኩ 9 በ 9 ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ዓምድና በእያንዳንዱ 3 በ 3 ክፍል ውስጥ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። እኛ ካፌ ውስጥ አንዷን ካሬ "ቤት"፣ ክፍሉን ደግሞ "ሰፈር" ነው የምንለው። እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

ሕግ መጨመር ድፍረት ለሚመስለው ሰው፣ ጨዋታው ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስሙ ጃፓንኛ ነው እንጂ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሠራው ሃዋርድ ጋርንስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው አሜሪካ በአንድ የእንቆቅልሽ መጽሔት ወጣ። በ1984 ኒኮሊ የተባለው የጃፓን አሳታሚ ወሰደውና ስም አወጣለት። ከዚያ በፊት የላቲን ካሬ የሚባል ነገር ነበር። እሱ ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ ሰፈርም ራሱ አንድ ቀን ሰው የጨመረው ሕግ ነው።

በትንሹ ጀምሩ

አዲስ ሕግ መጀመሪያ የሚሞከረው 4 በ 4 ላይ ነው። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 4፣ ሰፈሮቹ 2 በ 2። የ4 በ 4 ሰሌዳን በትክክል መሙያ መንገዱ 288 ብቻ ነው። የ9 በ 9ኙ ግን 22 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ስሕተት ሲኖር በ288ቱ ውስጥ በዓይን ታገኙታላችሁ። በሌላኛው ውስጥ ስትፈልጉ ይመሻል። እኔ መጀመሪያ በቀጥታ 9 በ 9 ላይ ዘልዬ ሦስት ቅዳሜ በላብኝ።

ሕጉን ከአካባቢያችሁ አምጡ

ሕግ ከየት ይመጣል? እኔ ቀና ብዬ ነው ያየሁት። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከተማችን ላይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመርኩ፣ መነሻውን በክብ አደረግኩ። ክቧ ጣና ናት። ከክቧ ተነስታችሁ መስመሩን ስትከተሉ ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። "የዓባይ መስመር" አልኩት።

ትልቅ ፈጠራ መስሎኝ አንድ ሳምንት ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ኋላ ሳይ ውጭ አገር ይህንኑ ሕግ በቴርሞሜትር ስም ያውቁታል። እነሱ ከታች ወደ ላይ እያደገ ነው የሚሄደው። ትንሽ ከፋኝ፣ ከዚያ ተውኩት። የእኔው ቢያንስ ውሃ አለው።

ሁሉም ሕግ ግን አይሠራም። ከዓባይ በኋላ "ጉማሬ" የሚል ሕግ አወጣሁ። ጉማሬ የተሣለበት ቤት ቢያንስ አንድ ጎዶሎ ቁጥር ጎረቤት ይኑረው። ስሙ ያምራል፣ ሥዕሉም ያስቃል። ግን አስቡት። 9 በ 9 ላይ መሃል ያለ ቤት በአራት በኩል አራት ጎረቤት አለው። ከዘጠኙ ቁጥሮች አምስቱ ጎዶሎ ናቸው። አራቱም ጎረቤቶች ተጋማሽ የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። ሕጉ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይሟላል፣ ስለዚህ ምንም አይከለክልም። የማይከለክል ሕግ ለፈቺው አይጠቅመውም። ጉማሬው ተባረረ።

ዓባይን በዚሁ መንገድ ፈትሹት። 9 በ 9 ላይ ስድስት ቤት ርዝመት ያለው ዓባይ ይሳል። መነሻው ላይ 5 ማግኘት አይቻልም፤ ከ5 በታች አምስት ቁጥሮች የሉማ። ስለዚህ መነሻው ከ6 እስከ 9፣ ቀጣዩ ከ5 እስከ 8፣ እያለ መጨረሻው ከ1 እስከ 4 ይሆናል። አንድም ቁጥር ሳይሰጥ እያንዳንዱ ቤት ከዘጠኝ አማራጭ ወደ አራት ወረደ። ይሄ ነው ጠንካራ ሕግ። ከመጠን በላይ ከረዘመ ደግሞ ይቀሽማል። ዘጠኝ ቤት የሚረዝም ዓባይ 9፣ 8፣ 7 እያለ ራሱን ይፈታዋል።

ከመልሱ ተነሱ

ባዶ ሰሌዳ ላይ ፍንጭ እየወረወሩ "መልስ ይኖረው ይሆን" ማለት አያዋጣም። መጀመሪያ የተሞላ ሰሌዳ ሥሩ፣ ከዚያ ሕጉ የሚገጥምበትን ቦታ ፈልጉበት። የእኔ የመጀመሪያው ይኸውላችሁ። ዓምዶቹን ከግራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብያቸዋለሁ፤ ረድፎቹ ከላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ናቸው።

      ሀ  ለ | ሐ  መ
1     3  4 | 1  2
2     1  2 | 3  4
      ------+------
3     2  1 | 4  3
4     4  3 | 2  1

እዚህ ላይ ከ4 ወደ 1 የሚወርድ መንገድ ፈለግኩ። አንዱ ከለ1 ተነስቶ ወደ ሀ1፣ ከዚያ በሰያፍ ወደ ለ2፣ ከዚያ ወደ ሀ2 ይሄዳል፦ 4፣ 3፣ 2፣ 1። ሁለተኛው አራተኛውን ረድፍ ከሀ4 እስከ መ4 ቀጥ ብሎ ያቋርጣል። ቁጥሮቹን በሙሉ አጠፋሁ። ሁለት ዓባይ ብቻ የተሣለበት፣ አንድም ቁጥር የሌለው ሰሌዳ ቀረ። በጣም አማረኝ። በዚያው ቀን ካፌ ይዤው ሄድኩ።

እዚያ ሁለት ጎበዝ ፈቺዎች አሉ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሌላዋ አስተናጋጃችን ናት፣ በትዕዛዝ መሃል እየተመላለሰች የምትፈታ። ለሁለቱም አንድ አንድ ቅጂ ሰጠሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይቺ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ 4 3 ብላለች። እኔ 3 4 ብያለሁ። ማንኛችን ነን የተሳሳትነው?"

መልሴን አውጥቼ አየሁ። "ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት መሰለኝ።"

"እሺ። የቱን ሕግ ጣስኩ?"

ወረቀታቸውን ወሰድኩ። ረድፍ ቆጠርኩ፣ ዓምድ ቆጠርኩ፣ ሰፈር ቆጠርኩ። ሁለቱም ዓባዮች በሥርዓቱ ይወርዳሉ። ምንም አልተጣሰም። አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች፣ "ታዲያ የሁለታችንንም ማኪያቶ አንተ ነሃ የምትከፍለው" አለችኝ። ከፈልኩ።

መንታውን ፈልጉ

ምን ሆኖ ነው? ሁለቱ ዓባዮች ከተሞሉ በኋላ ሀ3 2፣ ለ3 1 ይሆናሉ። ከላይም ሐ1 1፣ መ1 2 ብለው ይቆለፋሉ። የሚቀሩት ሐ2፣ መ2፣ ሐ3 እና መ3 ናቸው። በአራቱ ውስጥ የሚገቡት 3 እና 4 ብቻ ናቸው። ላይኛው ረድፍ 3 4 ከሆነ ታችኛው 4 3 ይሆናል፤ ብትገለብጡትም ረድፉም፣ ዓምዱም፣ ሰፈሩም አይረበሽም።

ይህን "መንታ" እንለዋለን። ምልክቱን በቃላችሁ ያዙት፦ ሁለት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ፣ ሁለት ሰፈር ብቻ የሚነኩ አራት ቤቶች፣ ውስጣቸው ሁለት ቁጥር በመስቀል የተቀመጠ። በየትኛውም መጠን ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ አራት ማዕዘን ካለ ተራዎቹ ሕጎች ሊለዩት አይችሉም። ወይ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ቁጥር መስጠት ነው፣ ወይ የጨመራችሁት ሕግ ከአራቱ ቢያንስ አንዱን መንካት አለበት። የእኔ ዓባዮች አራቱንም በሩቁ ነበር ያለፏቸው።

አሁን የተሞላ ሰሌዳ ስሠራ መጀመሪያ መንታዎቹን በእርሳስ አከባለሁ። ፍንጭ የማስቀምጠው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ላጲስ ይቆጥባል።

ጨምሩ፣ ከዚያ ቀንሱ

መንታውን ለመለየት ሐ3 ላይ 4 ብዬ ብጽፍ አለቀ ነበር። ግን ቁጥር የሌለውን ሰሌዳ ወድጄዋለሁ። ስለዚህ ሕግ ጨመርኩ፦ ከሀ1 እስከ መ4 በሚወርደው ሰያፍ ላይ ቁጥር አይደገም። በእኔ መልስ ሰያፉ 3፣ 2፣ 4፣ 1 ነው፣ ደህና ነው። በጋሼ መልስ ግን 3፣ 2፣ 3፣ 1 ይሆናል፣ ይደገማል። መንታው ተለየ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። የሚጥመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰያፉ ከገባ ሁለተኛው ዓባይ ያን ያህል ያስፈልጋል ወይ? ሙሉ ረድፍ እየሰጠ ጨዋታውን ያቀልለው ነበር። አጠፋሁትና በምትኩ ከሐ3 ወደ መ4 የምትወርድ፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ትንሽ ቦይ ሣልኩ። አሁን ሰሌዳው ላይ አንድ ዓባይ፣ አንድ ሰያፍ፣ አንድ ቦይ ብቻ አለ። እንፍታው።

ዓባዩ የላይኛውን ግራ ሰፈር ይሞላል፦ ለ1 4፣ ሀ1 3፣ ለ2 2፣ ሀ2 1። ሰያፉ ላይ 3 እና 2 ስለተያዙ ለሐ3 እና ለመ4 የቀሩት 1 እና 4 ናቸው። ቦይዋ ቁልቁል ስለምትወርድ ሐ3 4፣ መ4 1። ቁልፉ ይሄ ነው። ዓምድ ሀ ላይ የቀሩት 2 እና 4 ናቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ 4 ስላለው ሀ3 2፣ ሀ4 4። ዓምድ ለ ላይ የቀሩት 1 እና 3 ናቸው፤ አራተኛው ረድፍ 1 ስላለው ለ4 3፣ ለ3 1። መ3 3፣ ሐ4 2 ይሆናሉ። ዓምድ ሐ 2 ስላለው ሐ1 1፣ መ1 2። ያው ዓምድ 4ም ስላለው ሐ2 3፣ መ2 4። አንድ ቦታም ግምት የለም።

ተራ 9 በ 9 ሱዶኩ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቁጥር መስጠት ግድ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር ፍተሻ ተረጋግጧል። ግን የሚሠራው ለተራው ነው። የዓባይ ዓይነት ሕግ ሲገባ የቁጥርን ሥራ መስመሩ ይሠራዋል፣ ዜሮም ድረስ መውረድ ይቻላል።

የታንኳ ሕግ

ሌላው የምወደው ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ አቅሙ ልክ እንዳለው ሁሉ፣ በነጥብ መስመር የተከበቡ ቤቶች ጭነታቸው ጥግ ላይ ይጻፋል። የቤቶቹ ቁጥሮች ተደምረው ጭነቱን መሙላት አለባቸው። አንድ ታንኳ ውስጥ ቁጥር አይደገምም።

ስትፈቱም ስትሠሩም መጀመሪያ ጽንፎቹን እዩ። ሁለት ቤት ያለው ታንኳ ጭነቱ 3 ከሆነ 1 እና 2 ብቻ ነው። 17 ከሆነ 8 እና 9። ሦስት ቤት በ6 ወይም በ24 ቢሆንም አማራጭ የለውም። መሃል ላይ ያለ ጭነት ግን፣ ለምሳሌ ሁለት ቤት በ10፣ አራት ዓይነት ጥንድ አለው። መግቢያ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጽንፉን፣ ለማደናገር ከፈለጋችሁ መሃሉን ስጡ።

ሁለተኛው ዘዴ ድምሩ ነው። ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ሰፈር 45 ነው። አንድ ረድፍ ላይ ያሉት ታንኳዎች ስምንት ቤት ሸፍነው ጠቅላላ ጭነታቸው 38 ከሆነ፣ የቀረው ቤት 7 ነው። ጋሼ ይህን ሲያዩ "ይሄማ የሱቅ ሒሳብ ነው" አሉ። ልክ ናቸው።

በፊደል የሚሠራ ሱዶኩም አለ። "ደንገል" አራት የተለያዩ ፊደላት ስላሉት ለ4 በ 4 ልክ ይመጣል፣ ልጆችም ይወዱታል። ዓባይና ታንኳ ግን እዚያ አይሠሩም። አንዱ ቅደም ተከተል ይፈልጋል፣ ሌላው ድምር።

የማታውቁት ሕግ ሲያጋጥማችሁ

ለመሙላት አትቸኩሉ። ሕጉን ብቻውን ያዙና "እዚህ ቤት ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ማን ነው? ትንሹስ?" በሉ። ደሴት የሚባል ሕግ አለኝ፣ በእሱ ላሳያችሁ። ደሴት የተሣለበት ቤት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ካሉት ጎረቤቶቹ ሁሉ ይበልጣል። ሰያፍ ጎረቤት አይቆጠርም፣ ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ያሉትን ጎረቤቶች ብቻ ያያል።

አሁን 9 በ 9 ላይ፣ ደሴቷ ልክ የሰፈሩ መሃል ላይ ብትሆንስ? አራቱም ጎረቤቶቿ እዚያው ሰፈር ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ አራት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ከአራት የተለያዩ ቁጥሮች ለመብለጥ ቢያንስ 5 መሆን አለባት። ሁለት ደሴቶች ደግሞ ጎን ለጎን ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዷ ከሌላዋ፣ ሌላዋም ከአንዷ ልትበልጥ ነው? ይህን ያህል አንድም ቁጥር ሳታዩ አወቃችሁ። ከዚያ ሕጉ ከረድፍና ከሰፈር ጋር የሚጋጭበትን ቦታ ፈልጉ። መውጫው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ሕጉን ስትጽፉም ምንም ለግምት አትተዉ። የደሴትን ሕግ መጀመሪያ ስጽፍ ምልክት የሌለበት ቤት ደሴት መሆን ይችል እንደሆነ አልተናገርኩም ነበር። አንዱ ፈቺ "አይችልም" ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ ቀረ። በእኔ ሰሌዳ ይችላል።

ከመስጠታችሁ በፊት ፈትሹ

ሰሌዳውን አዲስ ወረቀት ላይ ገልብጡና መልሱን ሳታዩ ራሳችሁ ፍቱት። በዚያው ቀን አይሁን፣ መልሱ ገና ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው። እኔ ሁለት ቀን አሳድረዋለሁ። አንድ ቦታ "ይሄ እንኳን ይሄ ነው" ብላችሁ ካለፋችሁ ተመለሱ፤ በምን ምክንያት? ምክንያቱን መጻፍ ካልቻላችሁ መንታ እዚያ ተደብቆ ይሆናል። መልስ የሚቆጥር የኮምፒውተር ፕሮግራምም አለ፣ ለ9 በ 9 ይጠቅማል። ጣዕሙን ግን አይነግራችሁም። ለዚያ ሰው ያስፈልጋል፣ በተለይ የሚከራከር ሰው።

4 በ 4 ከተሳካ ወደ 6 በ 6 እለፉ፣ ሰፈሮቹ 2 በ 3 ይሁኑ። እዚያ ሁለት ሦስት ከሠራችሁ በኋላ 9 በ 9 አያስፈራም።

የመጨረሻው ሰሌዳዬ ይኸው፣ 4 በ 4። ቁጥር የለውም። ዓባይ በቀኝ ጠርዝ ከመ1 ተነስቶ ቀጥ ብሎ እስከ መ4 ይወርዳል። ደሴቶች ሁለት ናቸው፣ ለ1 እና ሐ3። ሰያፍ ሕግ የለም። ምልክት የሌለበት ቤትም ደሴት ሊሆን ይችላል።

      ሀ    ለ   |   ሐ    መ
1     .   ደሴት |   .    ጣና
2     .    .   |   .    ↓
      ---------+----------
3     .    .   | ደሴት   ↓
4     .    .   |   .    ↓

ጋሼ በአራት ደቂቃ ፈቱት። ሁለት መልስ ያገኘ ካለ ማኪያቶው በእኔ ነው።